ከበርሜል ጋር የታሰረ ሚዛን

በቀደም ለት ልጄ ሊዲያ ጠርታኝ ጉብሬ፣ ግቢዋ ድረስ ሄጄ ነበር። ከወልቂጤ በባጃጅ፣ ጎመንና አይብ የሞላ ሳህን በጨርቅ ቋጥሬ ጭኔ ላይ አድርጌ። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ባዶ እጄን ሄጄባት አላውቅም። እሷ ታፍራለች፤ ጓደኞቿ ግን ሰላም ሳይሉኝ ክዳኑን ይከፍታሉ።

የመመረቂያ ሥራዬን ላሳይሽ ብላ ነጭ ጋዋን አልብሳ አንድ ክፍል አስገባችኝ። መሃል ላይ እንስራ የሚያህል የመስታወት ጋን ቆሟል። ከላይ ቀጭን ብረት ወርዶበታል፤ የብረቱ ጫፍ እንደ ጭልፋ ጠፍጠፍ ብሎ፣ ውስጡ ያለውን ነጭ ነገር ቀስ እያለ ያማስላል። ከጎኑ ትንሽ መስኮት አለች፤ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይልባታል።

"ምንድን ነው ነጩ?" አልኳት።

"ቡላ ነው!" አለችና ሳቀች። "የአገና ቡላ። ኬሚካል መስሎሽ ፈርተሽ ነበር አይደል? በውኃ በጥብጠን ምን ያህል እንደሚወፍር እንለካለን። ለማማሰል ሞተሩ ስንት ጉልበት እንደፈጀ ይቺ ቁጥር ትናገራለች። ከጉልበቱ ተነስተን ውፍረቱን እናሰላለን። ጥሩ ሙጫ ሊወጣው ይችላል ይባላል።"

ሙጫ ስትል ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው? የሚነካውስ ማነው?"

"እማ ደግሞ በማብሪያ!" አለች።

ቤቴ ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ከእኔ በቀር ማንም ማብሪያ አይነካም። ልጆቼም ባለቤቴም በዚህ ይስቁብኛል፤ እንግዶች ካሉ ደግሞ ለእንግዶች ይተርኩታል። ከምን እንደመጣ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ለሊዲያ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ያኔ ቡታጅራ ነበርን። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ገበያ ዳር በርበሬ ትቸረችር ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ ታላቅ እህቴ አስካለ ደግሞ ከእኔ ቀድማ። የቡታጅራ ልጅ በርበሬ ለምዶታል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ነበር የሚያድረው። ስለዚህ ጋሽ ፍቅሬ የሚባሉ ሰው ሁለታችንንም ለሥራ ሲጠሩን፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን ከበርበሬ ብናኝ መውጣታችን ብቻ ደስ አሰኘን።

ጋሽ ፍቅሬ የወፍጮ ቤት መካኒክ የነበሩ፣ ጌታን የተቀበሉ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ደግሞ ዳር ቆመን አሜን እንላለን። ከቤታቸው ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ከቡላ ሙጫ ይሠሩ ነበር። ገዢዎቹ የወረቀት ከረጢትና የጫማ ካርቶን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ይህን ነገር የአገሩ ሰው አልወደደውም። እንሰት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ተተክሎ ስንት ዓመት ይጠበቃል፤ ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ ከጭማቂው ታች የሚረጋው ነጩ ቡላ ደግሞ ለአራስ፣ አጥንቱ ለተሰበረ፣ ለክቡር እንግዳ ነው። እሱን ወስዶ የጫማ ካርቶን ማጣበቂያ ማድረግ ለብዙ ሰው ነውር ነበር። ቡላውን ከአገና በሚኒባስ የሚያመጡልን እማማ ሩቂያ እንኳ፣ ራሳቸው እየሸጡት፣ የዳሱን ደፍ ተሻግረው አያውቁም። "አሰላሙ አለይኩም" ይሉና በኮባ የተጠቀለለውን በር ላይ አስቀምጠው ወደ ውስጥ ሳያዩ ይቆማሉ።

አንድ ቀን አስካለ "ይግቡ እንጂ እማማ፣ ዝናብ ነው" አለቻቸው።

"እዚሁ ይሻለኛል" አሉ። "ልጄ፣ ቡላን ሰው ካልበላው፣ እሱ ሰው ይበላል።"

ጋሽ ፍቅሬ ከውስጥ ሰምተው፣ "በኢየሱስ ስም! እማማ፣ ልጆቹን አያስፈራሩብኝ" አሉ።

"ምን አስፈራራለሁ? ፈርተው ቢሄዱብህ ቡላዬን ለማን ልሸጥ?" ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ሄዱ። ስቀን ነበር።

አሁን የዳሱን ነገር ልንገራችሁ። ትልቅ የብረት በርሜል አለ። ከላዩ ዲናሞ፣ ከዲናሞው በቺንጋ፣ በጎማው ቀበቶ፣ የሚዞር ረጅም ብረት፣ ከብረቱ ጫፍ ሰፊ ማማሰያ። ቡላው በውኃ ተበጥብጦ በበርሜሉ ይማሰላል፤ ውፍረቱ ልክ ሲሆን ወደ ማብሰያው ይገለበጣል። ችግሩ ልክ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው። ቡላ ሲያዩት ያታልላል። ላዩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ጸጥ ብሎ፣ ሥሩ ግን ማማሰያው ዙሪያ ብቻ ይዞራል። ላዩን አይታችሁ "ቆሟል" ስትሉ ውስጡ እየሄደ ነው።

ጋሽ ፍቅሬ ታዲያ በርሜሉን በመኪና ኩሽኔታ ላይ አስቀመጡት፤ እሱም እንዲዞር። ከዚያ እንዳይዞር በገመድ አሰሩት። ገመዱን ደግሞ ከልኳንዳ ቤት የገዙት፣ ባለ መርፌ የሥጋ ሚዛን ላይ፣ ሚዛኑን ከምሰሶው ጋር። "ቡላው ሲወፍር ማማሰያውን ይይዘዋል" ብለው አስረዱን፤ "ማማሰያው በርሜሉን ይዞ ሊዞር ይላል፤ በርሜሉ ገመዱን ይጎትታል፤ ገመዱ ሚዛኑን። በቃ፣ መርፌው ውፍረቱን ይነግረናል።" ስለዚህ እኛ የሙጫ ውፍረት የምንለካው በኪሎ ነበር። መርፌው አራት ላይ ሲደርስ ጋሽ ፍቅሬ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ረዳት፣ "አራት ኪሎ! ወራጅ አለ!" ይላሉ፤ አስካለ "አለ!" ብላ ዲናሞውን ታጠፋለች። የእኔ ሥራ መርፌውን ማየት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ዓይኔን ተክዬ መዋል ያኔም አውቅበት ነበር።

መርፌውን ግን አልወደው ነበር። ዲናሞው ከጠፋ፣ ማማሰያው ከቆመ በኋላ መርፌው ወደ ዜሮ አይመለስም። ጥቂት ይወርድና ይቆማል። ማንም ሳይነካው ገመዱ ጥብቅ እንዳለ፣ አንድ ነገር ከውስጥ እንደ ያዘ ይቆያል። አንዳንዴ ምሳ በልተን፣ ቆጮውንና ጎመኑን ጨርሰን ስንመለስ፣ ገመዱ ሲጢጥ ይልና መርፌው ትንሽ ዝቅ ይላል። አስካለ ይህን ስታይ በርሜሉን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ "ደህና ዋል፣ እኛም ውለናል" ትለዋለች። እኔ አልስቅም።

ያ ቀን በነሐሴ ነበር። ከዘቢዳር ተራራ የወረደው ደመና ከተማውን ሸፍኖት እኩለ ቀን የመሸ ይመስላል። ጋሽ ፍቅሬ ሙጫ ይዘው ቡኢ ወርደዋል። እኔና አስካለ ብቻችንን እሸት በቆሎ ጠብሰን እየበላን ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። አምፖሉ ጠፋ፣ ዲናሞው ዝም አለ፣ ማማሰያው ቆመ።

መብራት ሲሄድ ቡላ ጊዜ አይሰጥም። ከታች ይረጋና ማማሰያውን እንደ ሲሚንቶ ይቀብረዋል። እንዲያ እንዳለ መብራቱ ከመጣ ዲናሞው መዞር አቅቶት ይቃጠላል። ከዚያ በፊት አንድ ተቃጥሎብናል። ስለዚህ ሳይረጋ በዱላ እንቆሰቁሰዋለን። አስካለ ቆሰቆሰች፤ ዱላው ከማማሰያው ሥር ሊደርስላት አልቻለም። ዱላውን ጣለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"አስኩ፣ እጅሽን?"

"ቡላ በእጅ እኮ ነው" አለች። "እማዬ ስትጨምቅ በዱላ ነው እንዴ?"

እውነቷን ነው። እኛ ያደግነው እንዲያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የረጋ ቡላ እጅ ገብቶበት፣ በጣት ተፈርክሶ፣ በመዳፍ ታይቶ ነው ደረሰ አልደረሰ የሚባለው። ዱላውን ያመጡት ጋሽ ፍቅሬ ናቸው። የእንሰት አገር ልጅ እጇን ከቡላ አትሸሽም። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ክንዷን አስገባች። ክርኗ ጠፋ።

"ውይ፣ ሲበርድ!" አለች። "እንደ እርጎ ነው እኮ። ቆይ፣ ማማሰያውን አገኘሁት።"

ያኔ መብረቅ ጮኸ። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለታችንም ብርግግ አልን። አስካለ በድንጋጤ ክንዷን ሳብ አደረገች። ክንዷ አልመጣም።

"ሙሉ፣ ያዘኝ።"

"ምኑ ያዘሽ?"

"እኔ እንጃ። ጣቶቼን ያዘኝ።"

"አትቀልጂ አስኩ።"

"ነይ ጎትቺኝ እባክሽ!"

ወገቧን አቅፌ ጎተትኩ። በርሜሉ ኩሽኔታው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ ገመዱ ተወጠረ። ክንዷ ግን ድንጋይ ውስጥ የተተከለ ያህል ነው። ላዩ ላይ ግን ቡላው ለስላሳ ነው፤ ጣቴን ባሳርፍበት ውኃ ነው። በጎተትን ቁጥር ይጠነክራል። እግሬን በርሜሉ ላይ አስደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ስስብ አስካለ ጮኸች፣ "ትከሻዬን ነቀልሽው!"

ለቀቅኋት። ያኔ ነው ዓይኔ አምፖሉ ላይ የወደቀው። አምፖሉ ጠፍቷል። ግን አሁን ቢበራስ? ክንዷ ማማሰያው ሥር ነው።

"አስኩ፣ ማጥፊያውን ተጭነሽዋል?"

"አዎ፣ መብራቱ እንደሄደ ተጭኜዋለሁ። ምነው?"

ወደ ቁልፉ ዞር ብዬ አየሁ። "እኔም ተጭኜዋለሁ።"

ማብሪያ ማጥፊያው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። አንዴ ሲጫኑት ያበራል፣ ደግሞ ሲጫኑት ያጠፋል። ሲያበራም ሲያጠፋም መልኩ አንድ ነው። መብራት ሲሄድ ማጥፋት እንዳለብን ጋሽ ፍቅሬ አጥብቀው ስለነገሩን፣ ሁለታችንም አልዘነጋንም፤ አንዳችን ሌላኛችንን ሳናይ ተጫንነው። እሷ ያጠፋችውን እኔ አብርቼው ሊሆን ይችላል፤ ወይም እኔ ያጠፋሁትን እሷ።

"እና እንደገና ተጫኚዋ!" አለች።

ሮጬ ጣቴን አሳረፍኩበት። አልተጫንኩትም። ቁልፉ ያረጀ ነው፤ አንዳንዴ ሲጫኑት አይዝም። ከሁለታችን የአንዳችን ካልያዘ አሁን ጠፍቶ ነው ያለው፤ ብጫነው ደግሞ አበራዋለሁ። መብራት በሌለበት ይህን የሚነግረኝ ምንም የለም። ሶኬት እንዳልነቅል ሽቦው በቀጥታ የተቀጠለ ነው። ቺንጋውን ላወልቅ ሞከርኩ፤ አዲስ ስለነበር ጥፍሬን ገነጠለው እንጂ አልላላም አለ። እርዳታ እንዳልጠራ መንገዱ ላይ ዝናብ ፈርቶ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። ትቻት ሄጄ መብራቱ ቢመጣስ?

ተመልሼ ያዝኳት። አስካለ ጉንጯ በበርሜሉ ከንፈር ላይ ተጣብቆ፣ ፊቷ ከነጩ ላይ አንድ ጣት እንኳ ሳይርቅ ትስባለች። "እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ሰው ነው የያዘኝ" ትላለች። "ጨብጦኛል ሙሉ። እንደ ሰው ጨብጦኛል።"

እኔ እሷንም ቡላውንም ማየት አቃተኝ። ዓይኔ የለመደበት ሄደ። መርፌው ላይ። እሷ ስትስብ መርፌው ይወጣል። እሷ ስትስብ እንደገና ይወጣል። የእህቴ ጉልበት በሥጋ ሚዛን ላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ መርፌው መውረድ ጀመረ።

ደከመች አልኩ። አለቀላት አልኩ። ዞር ብዬ አየኋት። አልደከመችም። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፣ ጥርሷ ተነክሷል፣ ትከሻዋ እየሳበ ነው። መርፌው ግን ይወርዳል። ረጋ ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው። አራት አለፈ፣ ሦስት አለፈ። አስካለ ባለ በሌለ ኃይሏ እየጎተተች፣ ገመዱ ላላ።

ክንዷ ወጣ። ድምፅ የለውም፤ ውልቅ ብሎ አይደለም፤ አንድ ነገር ጣት በጣት እየለቀቀው እንዳለ ቀስ ብሎ ወጣ። ከክርኗ በላይ ድረስ ነጭ ነው፤ ጓንት ያጠለቀች ትመስላለች። ሁለታችንም ወደ ኋላ ሄደን ግድግዳው ጋ ቁጭ አልን።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር አምፖሉ በራ። ከአምፖሉ ጋር እኩል ዲናሞው አጓራ፣ ማማሰያው በርሜሉ ውስጥ ዞረ።

አስካለ ክንዷን አቅፋ ያለቀሰችው ያኔ ነው። እኔ ተነስቼ ቁልፉን ተጫንኩት። ማማሰያው ቆመ። መርፌው ዝቅ ብሎ ዜሮ ሳይደርስ ቀረ፤ ገመዱም እንደተወጠረ ቆየ። በርሜሉ ላይ ማንም አልነበረም።

ጋሽ ፍቅሬ ከቡኢ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርናቸው። አልተቆጡም። የአስካለን ክንድ አገላብጠው አይተው፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ኋላ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ቁልፍ መቀየር ነበረብኝ" አሉ። በማግስቱ አንዱ ለማብሪያ አንዱ ለማጥፊያ የሚሆኑ ሁለት ቁልፎች ተከሉ። ስለ ቡላውም አስረዱኝ፤ "እሱ ጸባዩ ነው፤ ሲጎትቱት ይጠነክራል፣ ሲተዉት ይላላል። ዝም ብላ ብትቆም ኖሮ ወዲያው ይለቃት ነበር" አሉኝ።

አስካለ ግን ወደ ዳሱ አልተመለሰችም። እስከ ዛሬም ቡላ አትነካም። ሊዲያን የወለድኩ ጊዜ ልታርሰኝ ከቡታጅራ መጥታ የቡላ ገንፎ ሠርታልኛለች፤ ዱቄቱን በእጇ ሳትነካ፣ ድስቱን በጨርቅ ይዛ፣ ፊቷን አዙራ፣ በረጅም ማማሰያ። ያን ጊዜ ጠየቅኋት። "አስኩ፣ ያኔ በመጨረሻ ለምን ተውሽው? መጎተቱን?"

"እኔ አልተውኩም" አለች። "እሱ ነው የለቀቀኝ።"

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ነገርኳት። ስጨርስ አልሳቀችም። ጋኑን በጣቷ እያሳየች፣ ቡላ በኃይል ሲነኩት ቅንጣቶቹ እንደሚጨናነቁ፣ ሲተዉት እንደሚበተኑ አስረዳችኝ። የጋሽ ፍቅሬ በርሜልና ሚዛንም ትክክለኛ መለኪያ እንደሆነ ነገረችኝ፤ አሁንም የሚሠሩት በዚያው መንገድ ነው፣ መርፌው ቁጥር ሆነ እንጂ።

"ግን መርፌው ሲወርድ አስካለ እየጎተተች ነበር" አልኳት።

"ደክሟት ነበራ እማ። ደንግጠሽ አላስተዋልሽም።"

"ይሆናል" አልኩ። ልጄ የተማረች ናት፤ ይሆናል። እኔ ግን መርፌ ማየት ነበር ሥራዬ።

ልታጽናናኝ ብላ ቀዩን ማጥፊያ አሳየችኝ፤ እንጉዳይ የመሰለ ትልቅ ቁልፍ ነው። ተጫነችው። ማማሰያው ቆመ። በትንሿ መስኮት ቁጥሩ ወረደ፤ ዜሮ ሳይደርስ ቆመ።

"ለምን ዜሮ አልሆነም?"

"ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው" አለች፤ ልክ የባጃጅ ሰዓት የምትነግረኝ ያህል።

"እጅሽን እንዳትከቺበት። ማርያምን በይልኝ።"

"እማ! ሞኝ ነኝ እንዴ? ዱላ አለን፣ ጓንት አለን። እሺ፣ እጄን አልከትም። ማርያምን።"

ጓደኞቿ ባዶ ያደረጉትን ሳህን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። የጥቅምት ፀሐይ ነበር፤ ሞቋት ጋዋኗን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ሳህኑን ልትሰጠኝ ክንዷን ዘረጋች። ከክርኗ በላይ፣ ክንዷን ዞሮ፣ የደረቀ ነጭ መስመር አለ። አጥባዋለች፤ ያቺን ጠርዝ ብቻ አላየቻትም።

አየሁት፤ እሷም ማየቴን አላወቀችም። አፌን ልከፍት ነበር። ጮኼ ወደ ባጃጁ ልጎትታት፣ ይዣት ወልቂጤ ልመለስ ነበር ልቤ። በኃይል የተጎተተ ነገር ምን እንደሚሆን ግን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።

እጇን ያዝኩ። ላላ አድርጌ፣ ብትፈልግ ወዲያው እንድታወጣው አድርጌ ያዝኩት። ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ አላወጣችውም።